የባሬላው የኋላ ጫፍ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩም፤ ከዘመዶቼ ሩቅ የሄደው ሁሉ በስልክ ነው የሚያወራኝ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከትምህርት ቤት ስወጣ በእጄ የቀረው ስሜን መጻፍና ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ነበር፤ የሱቅ ሰሌዳ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የአውቶቡስ ግንባር። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። እንግዲህ ይህን የምትጽፈው አፍ ስለሌላት ነው ብትሉኝ አልተሳሳታችሁም።

ባለፈው ሳምንት ጌዶ ሄጄ አዴ ወርቂቱን አየኋቸው፤ «አዴ» በኦሮምኛ «እናት» እንደማለት ነው። የነገሩኝን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ እሳቸው ማን እንደሆኑ አስቀድሜ ካልተናገርኩ ቃላቸው እንዲሁ ቃል ሆኖ ይቀራል። ስመለስ አውቶቡሱ በጉደር በኩል አምቦ ሲገባ፣ መንገድ ዳር የሚሠራ ሕንፃ አጠገብ ሰው ለማውረድ ቆመ። መስኮቱ ክፍት ነበር። እርጥብ ሲሚንቶ ሸተተኝ። ለሌላው ሰው ይህ ሽታ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ግን የአሥራ ስምንት ዓመቴ ሽታ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። ለካ ዓይኔን ጨፍኜ ኖሯል።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ዳቦ ሁለት ብር፣ ሻይ ሦስት ብር እንደነበረ ነው። አንድ ፓስቲ በሁለት ብር ገዝተሽ ስትገምጪው ዘይቱ እስከ ክርንሽ ይወርድ ነበር፤ አሁን ያ ፓስቲ አሥራ አምስት ብር ገብቶ፣ ዘይቱም ቀርቶ፣ መጠኑም የሕፃን መዳፍ አክሏል። አምቦ ውስጥ ያኔ ከባጃጁ የፈረስ ጋሪው ይበዛ ነበር። ጧት ጧት ፈረሶቹ አስፋልቱ ላይ ሲሄዱ የኮቴያቸው ድምፅ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጃፍ አውጥተው፣ አንዱ የኦሮምኛ ዘፈን ሲለቅ ማዶ ያለው በአማርኛ ይመልስለታል፤ መሀል ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጆሮው ይሰማል። የዚያን ጊዜ ልጆች ጂንስ ከጉልበቱ በላይ የተቀደደ ሲለብሱ እናቶች «መስፊያ አጥተው ነው» እያሉ ያዝኑላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት አልዘረዝርም። መንገድ የተዘጋበትም፣ ስልክ የጠፋበትም ጊዜ ነበር፤ ያየው ያውቀዋል። እኔ የማወራው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለነበረው፣ ስለ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው።

የምኖረው አክስቴ ቤት ነበር። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቤቷ ጠባብ ነበር። የምተኛው ጓዳ፣ በበርበሬ ጆንያና በጋን መካከል ነው። የአክስቴ ባል ውሃ ሲጠማው እኔን ተሻግሮ ነው የሚቀዳው። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ሰማያዊ በር ያላት አንዲት የኪራይ ክፍል ነበረች። ጭቃ ቤት ናት፣ መስኮቷ ከደብተር አይበልጥም፤ በሯ ላይ ግን ቁልፍ አለ። ኪራይዋ በወር ስድስት መቶ ብር ነው። ሁልጊዜ ጧት በዚያ ሳልፍ እግሬ ይዘገያል። በሕይወቴ ከዚያች ክፍል በላይ የተመኘሁት ነገር የለም። ቆልፌ መተኛት፣ ከፍቼ መውጣት፤ ይኸው ብቻ።

ሕንፃው ላይ በቀን ሠራተኛነት የገባሁት በዚህ ምኞት ነው። ሰው የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው ካቦ ረጋሳ ነበር፤ ቀይ፣ ቁመናው ያማረ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲሚንቶ መካከል ሲውል አንዲት ነጥብ የማትነካው ሰው። ዋጋውን በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረኝ። «የአገሩ ወንድ ሰማንያ፣ ከሩቅ የመጣ ወንድ ሰባ፣ ሴት ሃምሳ አምስት።» ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ራሱ ግን ጨመረበት። «የአገሩ ወንድ ቤተሰብ አለው። ከሩቅ የመጣው እዚሁ ሳይት ላይ ያድራል፣ ኪራይ የለበትም። ሴት ደግሞ ባሏ ያበላታል።» እኔ ባል አልነበረኝም። አዴ ወርቂቱም ባላቸው ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሩቅ የመጣው ማርቆስ ደግሞ ወላይታ ለቀሩት እናቱና ሦስት እህቶቹ ነበር ብር የሚልከው። ይህን ሁሉ ካቦ ረጋሳ ያውቃል። ልዩነቱን በልቤ አሰላሁት፤ በሴቷና በአገሩ ወንድ መካከል ያለው ሃያ አምስት ብር ወር ሲሞላ የሰማያዊዋ በር ኪራይ ሆኖ ይተርፋል። ክፍሌ እዚያ መሀል ላይ ነበረች።

ባሬላ የማያውቅ ካለ፣ ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨቶች ናቸው፤ መካከላቸው ላይ ጣውላ ይመታበታል። አሸዋ ወይም የተቦካ ሲሚንቶ ይሞላበትና አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይይዘዋል። ፎቁ ላይ የሚደረሰው በእንጨት መወጣጫ ነው፤ ዳገት ሆኖ የተሠራ፣ እግር እንዳያንሸራትት አግድም እንጨት የተመታበት። ልማዱ ወንድ ከፊት፣ ሴት ከኋላ ነበር። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። ካቦ ረጋሳ «ለእናንተ አዝኜ ነው፣ ከፊት ያለው ነው የሚጎትተው፣ ከኋላ ያለችው መከተል ብቻ ነው» ይል ነበር። እኛም እናምነው ነበር! ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ክንዳችን ማታ ማታ ጭልፋ ማንሳት ሲያቅተው፣ የእኛ ድካም ከሴትነታችን ይመስለን ነበር።

እኔ ከማርቆስ ጋር ነበር የምይዘው። ማርቆስ ኦሮምኛ አያውቅም፣ አማርኛውም አጭር ነበር፤ እኔም ስለማላወራ ተስማማን። አዴ ወርቂቱ ከቶሎሳ ጋር ነበሩ። ቶሎሳ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ዘፈን ከአፉ የማይጠፋ ልጅ ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ እየዘፈነ ነው የሚወጣው። አዴ ወርቂቱ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በቀሚሳቸው ሥር የሟች ባላቸውን ሱሪ ይለብሳሉ፣ ኮንጎ ጫማቸውን እንዳይወልቅ በገመድ ያስሩታል፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበው ያጠብቁታል። የሁላችንም ቀሚስ ከደረት እስከ ሆድ በሲሚንቶ የተለሰነ ነበር። ወንዶቹ ግን ንጹሕ ናቸው። ቶሎሳ «ኧረ እናንተ ሴቶች፣ ግድግዳውን ነው ራሳችሁን ነው የምትለስኑት?» እያለ ይስቅብናል። ካቦ ረጋሳም «ጥንቃቄ ነው፣ ጥንቃቄ!» ይላል ሸሚዙን እያየ።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ባሬላውን ካራገፍን በኋላ ቀና ብዬ ቀረሁ። አምቦን ከላይ አይቻት አላውቅም ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ እንደ ውሃ ያበራል፤ ወንዙ ከዛፎቹ መካከል ብቅ ጥልቅ ይላል፤ በደቡብ በኩል የወንጪ ተራራ ደመና ተከናንቦ ተቀምጧል። የአክስቴን ቤት ፈልጌ አጣሁት፤ ሰማያዊዋን በር ግን አገኘኋት። ማርቆስ አጠገቤ ቆሞ «ትልቅ» አለ። እኔም «ትልቅ» አልኩ። ያን ቀን ያወራነው ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፍርስራሽ ነው። አንድ ቀን በስህተት የተሠራ ግድግዳ ፈርሶ፣ ፍርስራሹን ከላይ ወደ ታች እንድናወርድ ተባለ። እንደ ልማዳችን ወንድ ከፊት ሆኖ ቁልቁል ጀመርን። አምስት ጊዜ ሳንመላለስ የቶሎሳ ዘፈን ቆመ።

«ኧረ ይህ ፍርስራሽ ምን አለበት? ብረት ነው እንዴ? ክንዴን ገነጠለው!» አለ።

«ሲሚንቶ ተሸክመህ ስትዘፍን የምትውል ልጅ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አሉት አዴ ወርቂቱ።

«ከበደኝ አዴ፣ በእናቴ!»

«እኔን እኮ ዛሬ ቀለለኝ» አሉ።  ቀኑን ሙሉ ዝም እንዳሉ ዋሉ፤ እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ፈራሁ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ስድስታችን ሴቶች ጥላ ውስጥ ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች በዳጣ እንበላለን። አዴ ወርቂቱ የድስቱን ክዳን ገልብጠው አንድ ድንች አስቀመጡበትና አንዱን ጫፍ እኔን አስያዙኝ። የሳቸውን ጫፍ ወደ ላይ አነሱት። ድንቹ ተንከባልሎ እጄ ላይ ወደቀ።

«ሽቅብ ስንወጣ ድንቹ ወዴት ሄደ፣ ሎሚ?»

«ወደ እኔ» አልኩ በቀስታ።

«ታዲያ ወደ አንቺ እየመጣ፣ እነሱ ናቸው የሚበሉት?»

ሴቶቹ እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ድንቹን በእጄ ይዤ ቀሚሴን አየሁት። ከደረቴ እስከ ሆዴ የተለሰነው ሲሚንቶ፣ ዳገቱ ላይ ወደ እኔ እየፈሰሰ የመጣ ነበር። ያ ሁሉ ወር ዓይኔ ሥር ነበረ፤ አላየሁትም።

«ነገ ጧት ከፊት ያዙ» አሉ አዴ ወርቂቱ። «አትከራከሩ፣ ምክንያት አትስጡ። ከተቆጧችሁ ሳቁ።»

በማግስቱ ከፊት ያዝኩ። ማርቆስ ግራ ተጋብቶ አየኝና ምንም ሳይል ወደ ኋላ ዞረ። ቶሎሳ ግን ጮኸ፤ «ዛሬ ምን ተገኘ? ሠርግ ነው እንዴ፣ ሴቶች ከፊት?»

«ሠርግ ነው፤ ሚዜ ከኋላ ነው፣ ና ያዝ!» አሉት አዴ ወርቂቱ።

ወጣን፣ ወረድን፣ ወጣን። ከፊት ሆኖ መውጣት ምን ያህል እንደሚቀል እንዴት ልንገራችሁ? የሰውነቴ ግማሽ ቤት የቀረ መሰለኝ። እስትንፋሴ ተርፎኝ ሰማዩን አያለሁ። ረፋዱ ላይ ከኋላችን ዘፈን የለም፣ የእግር ድምፅና ማለክለክ ብቻ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን የወንዶቹ ሸሚዝ ሁሉ ከደረት እስከ ሆድ ተለስኖ ነበር።

ኢንጂነር ሂሩት የደረሰችው ያኔ ነው። ሥራውን የምትቆጣጠር የድሬዳዋ ልጅ ነበረች፤ ቢጫ ቆብ አድርጋ፣ ሱሪዋን ቦት ጫማዋ ውስጥ ከታ የምትሄድ፣ ታላቅም ታናሽም ሳትለይ ሁሉን «አንተ፣ አንቺ» የምትል። መጀመሪያ አዴ ወርቂቱን «አንቺ» ስትላቸው ደንግጠን ነበር፤ በኋላ ግን ካቦ ረጋሳንም «አንተ» ስትለው ስናይ ለመድነው።

«አቦ፣ ዛሬ ወንዶቹ ምን ሆናችሁ? ማነው የለሰናችሁ?» አለች።  ዞራ አጠገቧ የቆምኩትን እኔን አየች። «አንቺ ንገሪኝ።»

እኔ እንድናገር ከማንም በላይ የማልፈልገው እኔ ነበርኩ። ካቦ ረጋሳ ዓይኔን እያየ ነው። ሰማያዊዋ በር ትዝ አለችኝ፤ አሁን ብናገር ነገ እዚህ የለሁም። አዴ ወርቂቱን አየኋቸው። ሻሻቸውን አጠበቁ።

«ቦታ ተቀያይረን ነው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የሚለሰነው… ከኋላ የያዘው ነው።»

ኢንጂነሯ መወጣጫውን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ «ረጋሳ፣ ና ከኋላ ያዝ» አለች። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቶሎሳ ከፊት፣ ካቦ ረጋሳ በነጭ ሸሚዙ ከኋላ ሆነው፣ ሞልቶ የተቦካ ሲሚንቶ ይዘው ወጡ። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር፤ ግንበኞቹ ሳይቀሩ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ካቦ ረጋሳ ሲወርድ ፊቱ ቀልቷል፣ ሸሚዙም እንደ እኛ ቀሚስ ሆኗል። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ማርቆስ ብቻ በዚያች አጭር አማርኛው «ጥንቃቄ» አለ። ሕንፃው እስኪነቃነቅ ሳቅን።

ኢንጂነሯ ሳቁ ሲበርድ «ለኋላው ስንት ትከፍላለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ለፊትና ለኋላ አይደለም የሚከፈለው፣ ለወንድና ለሴት ነው» አለ።

«ባሬላው ይህን ያውቃል?»

ካቦ ረጋሳ ተናደደ። «እሺ፣ እኩል ክፈል ካላችሁኝ ሴት አልቀጥርም። ወንድ ብቻ ነው የምይዘው፣ ተገላገልን!» አለ። ይህ በእውነት የሚያስፈራን ነበር። ኢንጂነሯም ልታስቆመው አትችልም፤ መቅጠር የሱ እንጂ የሷ ሥራ አልነበረም። በማግስቱ በሩ ላይ አስቆመን። ስድስታችንም ሥራ የለንም።

እኔ ወደ አክስቴ ጓዳ ለመመለስ ስነሣ አዴ ወርቂቱ ቀሚሴን ያዙኝ። «የት ነው? ተቀመጪ።» ከሕንፃው ማዶ የጎማ ጠጋኙ ዳስ ነበረ። እዚያ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን፤ አዴ ወርቂቱ ሹራብ አውጥተው መሥራት ጀመሩ። መፈክር አላሰማንም፣ ማንንም አልሰደብንም። ዝም ብለን ባሬላዎቹን እናያለን። አሁን ወንድ ከፊት፣ ወንድ ከኋላ ሆኗል። ከቀትር በኋላ ጩኸቱ ተጀመረ። «ትናንት ከኋላ የያዝኩት እኔ ነኝ!» ይላል አንዱ። «ሰማንያ ብር የምበላው ከፊት ልይዝ ነው!» ይላል ሌላው። ቶሎሳ ባሬላውን ጥሎ «ከኋላ አልይዝም አልኩ፣ አልይዝም!» ሲል እዚህ ድረስ ተሰማ። መጨረሻ ላይ ማርቆስን ነው ሁልጊዜ ከኋላ ያደረጉት፤ የሚከራከርበት ቋንቋ ስላልነበረው። አዴ ወርቂቱ ሹራባቸውን አቁመው እሱን አዩት። ብዙ አዩት።

አክስቴ ያን ቀን ማታ «ሃምሳ አምስት ብር አንሶሽ ዜሮ መረጥሽ?» አለችኝ።  ሁለተኛውንም ቀን ዳሱ ውስጥ ዋልን። ጎማ ጠጋኙ አዝኖልን ሻይ ጋበዘን። የሦስተኛው ፎቅ ወለል የሚሞላበት ቀን ደርሶ ነበር፤ አሸዋውና ጠጠሩ ግን አሁንም ታች ነው። በሦስተኛው ቀን ጧት ካቦ ረጋሳ አስፋልቱን ተሻግሮ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

«ኑ ግቡ» አለ።

ሁላችንም ለመነሣት ቃጣን፤ አዴ ወርቂቱ ግን ከሹራባቸው ቀና አላሉም። «በስንት?»

«በሰማንያ። እንደ ወንዶቹ።»

«ወል ቂጤ?» አሉ፤ እኩል ለእኩል ማለታቸው ነው።

«ወል ቂጤ አዴ፣ ግቡ በቃ፣ አርማታው ሊሞላ ነው!»

 ሰማያዊዋ በር ተከፈተች ማለት እኮ ነው። አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ አሳርፌያለሁ። አዴ ወርቂቱ ግን አልተነሡም።

«ማርቆስስ?»

ካቦ ረጋሳ አልገባውም። እኔም አልገባኝም። «ማርቆስ ምንሽ ነው? የአገርሽ ልጅ አይደል፣ ዘመድሽ አይደል!» አላቸው፤ ከንዴቱ የተነሣ እሱም «አንቺ» አላቸው።

«ባሬላ ይይዛል» አሉ። «እኛ መንደር ደቦ የመጣ ሰው ቀኑ ሙሉ ቀን ሆኖ ነው የሚመለስለት። ሴት ናት፣ እንግዳ ነው ተብሎ ግማሽ ቀን የተመለሰለት ሰው አላየሁም። ቀን ቀን ነው።»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ አዴ ወርቂቱን ጠላኋቸው። የእኛ ከተሰጠን በኋላ ለሌላ ሰው ብለው ሊያስከለክሉን ነው ብዬ። ካቦ ረጋሳ ሕንፃውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እሳቸውን አየ። ማዶ ማርቆስ ባሬላውን መሬት አድርጎ፣ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ቆሟል። ለምን እንደተጠራ አያውቅም።

«እሱም ይሁንለት!» አለ ካቦ ረጋሳ። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ ምን ዓይነት ሴት ናት!»

ያን ጊዜ ነው ሹራባቸውን አጥፈው የተነሡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሬላው ላይ ፊትና ኋላ በየተራ ሆነ። ኢንጂነሯ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ በኖራ ጻፈችው፦ ባሬላ ሰማንያ፣ ቁፋሮ ሰማንያ አምስት፣ ውሃ መቅዳት ስድሳ። የሥራው ስምና ዋጋው ብቻ ነው። ወንድ የሚል የለም፣ ሴት የሚል የለም፣ አገር የሚል የለም። ጧት ጧት ስገባ ቆሜ አነበዋለሁ። ከማነበው ነገር ሁሉ፣ ከመጽሐፍም ከሰሌዳም፣ እንደዚያ ያስደነቀኝ የለም። ሦስት መስመር ናት እኮ! ከዚያ በፊት ለምን እንዳልተጻፈች ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ክፍያ ቀን ማርቆስ ብሩን ደጋግሞ ካየ በኋላ ሊመልስ ሄደ፤ ተሳስተው የሰጡት መስሎት። ቶሎሳ ነው በምልክትም በሳቅም ያስረዳው። ከዚያ ማርቆስ አዴ ወርቂቱ ፊት ቆሞ ብዙ ሊናገር ፈለገና ቃል አጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማቸውን ገመድ አሰረላቸው።

እኔም ወሩ ሲሞላ ሰማያዊዋን በር ተከራየሁ። የመጀመሪያውን ቀን ከሥራ ገብቼ ቆለፍኩት፤ ከዚያ ከፈትኩት፤ ደግሞ ቆለፍኩት። ፍራሽ አልነበረኝም። ካርቶን ላይ ተቀምጬ የቁልፉን ድምፅ ሰማሁት።

ይህ እንዲህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሕንፃው አለቀ፤ አሁን ታቹ ፋርማሲና ስልክ መሸጫ ነው፣ ላዩ የጥርስ ሐኪም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ወለሉ እንዴት እንደወጣ አይጠይቁም፤ እኔም ሳልፍ ቀና እያልኩ አየዋለሁ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ኢንጂነር ሂሩት ተዛወረች። አዴ ወርቂቱ ጉልበታቸው ደክሞ ልጃቸው ዘንድ ጌዶ ሄዱ። ቀጥሎ የሠራሁት ጊንጪ ነበር፤ እዚያ ሰሌዳ የለም፣ ወንድ ይህን ያህል፣ ሴት ያን ያህል ተባለ። እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ምሥጢሩን የማውቅ ሴት፣ ዝም ብዬ ከኋላ ያዝኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ከባድ ነው አይደል?» ሲሉኝ «ይለመዳል» አልኳቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዓመታት በዚህ ሄዱ፤ ሲሚንቶ ተወደደ፣ ብረት ተወደደ፣ የክፍሌ ኪራይ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ ጋሪዎቹ በባጃጅ ተተኩ፣ ሴቷ ግን ያው ከኋላ ናት።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ኮንትራክተር ጠራኝ። በጉደር መንገድ፣ ያ ሲሚንቶ የሸተተኝ ሕንፃ የሱ ነው። ሥራ አዋቂነቴን ሰምቶ ካቦ ሊያደርገኝ ፈለገ። እኔን! መዝገብ አስያዘኝ። «ለአንቺ የወንድ ካቦ ደሞዝ ነው የምከፍልሽ፣ አንዲት ሳንቲም አላጎድልብሽም» አለኝ። ደስታዬ ሳይበርድ «ሴቶቹን ግን በትንሽ ያዢልኝ። ሴት ስለሆንሽ ከአንቺ ጋር አይጨቃጨቁም» አለ።  «ሁለት ሳምንት አስቢበትና ሰኞ መልሱን ንገሪኝ» ብሎ ሸኘኝ። ስንት ዓመት ስመኘው የነበረውን እኩልነት በእጄ አስጨብጦ፣ የሌሎቹን በእኔው እጅ ሊወስድ ነው።

ጌዶ የሄድኩት ለዚህ ነበር። አዴ ወርቂቱ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ሻሻቸው ግን እንደ ጥንቱ ግንባራቸው ላይ ጠብቋል። «ክፍልሽ አለች?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። አለች አልኳቸው። የጊንጪውን ዝምታዬን ነገርኳቸው፣ አልተቆጡኝም። ዳሱ ውስጥ ስለ ማርቆስ ሲናገሩ እንደጠላኋቸውም ነገርኳቸው። ሳቁ። «አውቄያለሁ፣ አንድ እግርሽ አስፋልቱ ላይ ነበር እኮ» አሉኝ። ስለ ካቦነቱ ስነግራቸው ግን ብዙ ዝም አሉ፤ ያ የፍርስራሹ ቀን ዝምታ ነበር። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ነገ ሰኞ ነው። ለኮንትራክተሩ በአፌ መናገር እንደማልችል ስለማውቅ ዛሬ ጧት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌለታለሁ፦ ባሬላ ለሚይዝ ሁሉ አንድ ዋጋ፤ ካልሆነ መዝገቡ ይኸው። እምቢ ሊለኝ ይችላል። ዳሱ ውስጥ መቀመጥ ግን ተምሬያለሁ። ያን ወረቀት ጽፌ ስጨርስ እጄ አልቆም አለኝ፤ ይህን ሁሉ ያጻፈኝ እሱ ነው።

አዴ ወርቂቱ ያን ጌዶ የሄድኩ ዕለት በዱላቸው እየተደገፉ እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ። ረዳቱ «አምቦ! አምቦ! የሞላ!» እያለ ይጮሃል። ደረጃው ላይ አንድ እግሬን ሳሳርፍ ክንዴን ያዙኝ፤ ያ በባሬላ የጠነከረ መዳፍ አሁንም ጠንካራ ነው።

«ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ አሁን ከፊት የያዝሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ዳገቱ ጋ ስትደርሺ፣ ዞር ብለሽ ከኋላ ያለችውን እያት።»